«ማን ያግዘው?» ያልሽው አንቺ ነሽ ወይስ የ6ኛ ክፍል መምህርሽ?

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ሰልጣኝ ነኝ። ለፕራክቲከም አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ 5ኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ነው። ከመውጣታችን በፊት የኮሌጅ መምህራችን «ስለ ማስተማር ቀድሞ የነበራችሁን ግምት ፈትሻችሁ ሪፍሌክሽን ጻፉ» ብለውን ነበር። እኔም «ድሮ መምህር ተናጋሪ፣ ተማሪ አድማጭ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን መምህር አመቻች እንደሆነ ተረድቻለሁ» እያልኩ ብዙ ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ማርክ አገኘሁ።

በቀደም አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም «ቁጭ በል! ማን ያግዘው?» አልኩ። ቃሉም ድምፁም የ6ኛ ክፍል የሒሳብ መምህሬ ነበር። እሳቸውን እንዴት እፈራቸው እንደነበር! በራሴ ደነገጥኩ። የክፍሉ መምህርት ግን «ጎሽ፣ እንደዚህ ካልተቆጣሻቸው ይንቁሻል» አሉኝ።

የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው? ሳላውቀው የያዝኩት ሌላስ ምን አለ? በምን አገኘዋለሁ? ደግሞስ ከድሮ ያመጣሁት ሁሉ መጣል አለበት?

ግራ የገባት ዕጩ መምህርት

መልስ፦

ሰላም እህቴ። «ጎሽ» ስትባዪ መደንገጥሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተመስግኖ፣ ልቡ ሞልቶ፣ በማግስቱ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚገባው።

አልዋሸሽም። ግን የጻፍሽው ስለ ራስሽ አልነበረም፤ ስለ ሞጁሉ ነው። ሰልጣኞችን ለዓመታት ስከታተል «ድሮ እንዲህ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን እንዲህ እንደሆነ ተረድቻለሁ» የሚል ጽሑፍ በክምር አንብቤያለሁ። ስሙን ሸፍነሽ ብታነቢው የማን እንደሆነ አይለይም። ጥፋቱ የሰልጣኙ ብቻም አይደለም። ማርክ የሚሰጠው ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ገምቶ መመለስ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሠለጠንበት ሙያ ነው። አንቺም ጥያቄ ቀረበልሽ፣ በመምህሩ ልብ ያለውን ገመትሽ፣ መለስሽ፣ ተሳካልሽ። ልብ በዪ፣ ይዘሽው የመጣሽው አንዱ ትልቅ ግምት እዚሁ ሪፍሌክሽንሽ ውስጥ ተቀምጧል፦ ጥያቄ ማለት መምህሩ ያሰበውን መልስ የማግኘት ውድድር ነው የሚለው። ሰሌዳ ላይ የወጣውን ልጅ «ቁጭ በል» ያስባለሽም ይኸው ግምት ነው።

ዳን ሎርቲ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን ጉዳይ በደንብ አስቀምጦታል። መምህርነት ከሌላው ሙያ የሚለየው፣ ሰው ሥልጠናውን ሳይጀምር ሥራውን ለዓመታት ሲያይ ስለኖረ ነው አለ። በእሱ ስሌት አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራን ፊት ይቀመጣል። በእኛም አስቢው። 12 ዓመት፣ በዓመት 200 ቀን፣ በቀን 5 ሰዓት ብንል 12,000 ሰዓት ነው። ሐኪም ለመሆን የሚማር ልጅ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ቁጭ ብሎ እያየ አላደገም። አንቺ ግን መምህር እያየሽ አደግሽ። የኮሌጁ ኮርስ ከዚህ ሰዓት ጋር ነው የሚታገለው። ክፍሉ ሲስቅ፣ ላብሽ ሲመጣ፣ ቶሎ የሚደርስልሽ የትኛው እንደሆነ አየሽው።

የሎርቲ ነገር በዚህ አያበቃም። ተማሪ መምህሩን የሚያየው ከዴስክ በኩል ብቻ ነው ይላል። ሲቆጣ አይተሻል፤ ለምን እንደተቆጣ ግን አልነገረሽም። ሌሰን ፕላኑን ማታ ሲሠራ፣ የትኛውን ምሳሌ ጥሎ የትኛውን እንደያዘ፣ የትኛው ልጅ እንዳሳሰበው አላየሽም። የ6ኛ ክፍል መምህርሽ ያን ቀን ስንት ፔሬድ አስተምረው እንደመጡ፣ ደመወዛቸው እንደዘገየ፣ ወይም እሳቸውም ከሌላ መምህር የወረሱት እንደሆነ ማን ያውቃል? አንቺ የያዝሽው ድምፁን ነው። ምክንያቱ አብሮ አልመጣም።

እስቲ ወደ ልጁ እንመለስ። 2/5 እንዴት አገኘ? ላይኛውን ከላይኛው ደመረ፣ 1 እና 1፣ ሁለት። ታችኛውን ከታችኛው ደመረ፣ 2 እና 3፣ አምስት። እስከ ዛሬ የተማረው መደመር ለሙሉ ቁጥር ሠርቶለታል። እዚህም ይሠራል ብሎ ወሰደው። ሲያስብ ነበር እንጂ አልፈዘዘም። አንቺ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተጫነ፦ የተሳሳተ ልጅ ወይ አላጠናም ወይ አላዳመጠም፤ ስለዚህ ያጠና ይተካው። እጆች ወጡ፣ «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» ሆነ፣ አንዷ ወጥታ 5/6 ጻፈች፣ «አጨብጭቡላት»። አይደል? ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ልጁ ግን ዴስኩ ላይ 2/5ቱን እንደያዘ ነው። ስህተቱን የነገረው አለ፤ እንዴት እንዳሰበ የጠየቀው የለም። ጭብጨባውም ሌላ ነገር አስተማረው፦ ሰሌዳ አደገኛ ቦታ ነው።

«እንዴት አገኘኸው?» ብለሽው ቢሆንስ? ተናግሮ ሲጨርስ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ጥያቄ ታነሻለሽ። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ያንሳል። ታዲያ ግማሽ ይዘን፣ ላዩ ላይ ጨምረን፣ እንዴት ከግማሽ በታች ወረድን? እመኚኝ፣ የሳቁት ልጆች ዝም ይላሉ። ብዙዎቹ 5/6ን የሚያገኙት በቃል በያዙት አሠራር ነው እንጂ ይህን ጥያቄ አስበውት አያውቁም። የልጁ ስህተት የዕለቱ ምርጥ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆኖ ነበር።

አሁን «በምን አገኘዋለሁ?» ወዳልሽው ልምጣ። መልሴ አጭር ነው። «እኔ የማምነው…» ብለሽ ከጀመርሽ አታገኚውም። ግምትሽ ያለው እጅሽና አፍሽ ላይ ነው፣ በተለይ ስትደነግጪ፣ ሲደክምሽ፣ ሰዓት ሲያልቅብሽ። ስለዚህ ከክፍል ስትወጪ አንዲት ቅጽበት ብቻ ያዢ። ሙሉውን ፔሬድ ለመጻፍ አትሞክሪ፤ ይሰለችሽና ትተዪዋለሽ። አንቺ ያልሽውን፣ ልጁ ያለውን፣ ቃል በቃል። «ተማሪዎቹን አሳተፍኩ» አይጻፍም፤ «‹ገባችሁ?› አልኩ፣ ‹አዎ!› አሉ፣ ሰሌዳውን አጠፋሁት» ይጻፋል። ከሥሩ ሁለት ነገር ጠይቂ። ይህን ሲያደርግ ያየሁት ማንን ነው? ይህን ባላደርግ ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ?

ሁለተኛዋ ጥያቄ ነች የምታጋልጠው። «ማን ያግዘው?» ባትዪ ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ክፍሉ ይረበሻል ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። ምናልባት ፔሬዱ አልቆ ምዕራፉ ሊቀር። ምናልባት የክፍሉ መምህርት ከኋላ ሆነው «ይህች ልጅ አትችልም» ሊሉ። ሦስቱ የተለያየ ግምት ናቸው። ዝም ያለ ክፍል የሚማር ክፍል ነው የሚለው አንዱ ነው። መጽሐፉን መጨረስ ማስተማር ነው የሚለው ሌላው። መምህር ፈጽሞ ግራ ሲገባው መታየት የለበትም የሚለው ሦስተኛው። የትኛው ያንቺ እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ አልነግርሽም። ወረቀቱ ይነግርሻል።

ብቻሽን የማታዪውም አለ። አብራሽ የተመደበች ጓደኛሽን ከኋላ አስቀምጪያትና የዴስኮቹን አቀማመጥ በወረቀት ንደፉ። ልጅ በጠራሽ ቁጥር ቦታው ላይ ነጥብ ታድርግ። አስተያየት አትስጥሽ፣ «ጎበዝ» አትበልሽ፣ ነጥብ ብቻ። ፔሬዱ ሲያልቅ ወረቀቱን እዪው። አብዛኛው ሰው ነጥቡ ፊት ለፊትና መሐል ላይ ተከምሮ፣ ግድግዳው ጥግና ኋላ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። አንዳንዱ ሴቶቹን ከነጭራሹ ያልጠራ ሆኖ ይገኛል። «ሁሉም ልጅ መማር ይችላል» ብሎ የጻፈ ሰው ወረቀቱ ላይ አሥራ ምናምን ልጅ ብቻ ሲያስተምር መዋሉን ሲያይ፣ ሌላ ሪፍሌክሽን አያስፈልገውም። ኮሌጅ ውስጥ የምታደርጉት ማይክሮ ቲቺንግ ይህን አያሳይሽም። እዚያ ተማሪ ሆነው የሚቀመጡት ጓደኞችሽ ናቸው፤ መልሱን ያውቁታል፣ ያዝኑልሻል፣ ተራቸው ደግሞ ነገ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ድምፅሽን በስልክ ቅጂ። ጠይቀሽ ከጨረስሽበት እስከምትናገሪበት ያለውን ዝምታ ስሚው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለካች። መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው የሚጠብቁት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ምንም አይደለም ትያለሽ። 70 ልጅ ፊት ቆመሽ ሞክሪው፣ ዘመን ነው። ያ የሚጨንቅሽ ነገር ራሱ ግምት ነው። «ዝምታ ማለት እኔ አልቻልኩም ማለት ነው» የሚል።

አሁን ትንሽ የሚከብደውን ልንገርሽ። መምህራን ሻይ ሲጠጡ ብዙ ጊዜ የምትሰሚው አንድ ንግግር አለ። «እኛ በኩርኩም፣ በጉልበታችን ተንበርክከን፣ ኖት ገልብጠን ተምረን ለዚህ በቅተናል።» እውነት ነው፣ የሚናገሩት በቅተዋል። የዴስክ ጓደኛሽስ? 5ኛ ክፍል አጠገብሽ የነበረችው፣ ሒሳብ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ትል የነበረችው፣ በኋላ ያቋረጠችው፣ የት ደረሰች? እሷ መምህራን ክፍል ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ አትናገርም። ዕጩ መምህር ሁሉ በፈተና የተረፈ ሰው ነው። የተማረበት መንገድ እሱን ስላልጣለው ማንንም የማይጥል ይመስለዋል። በዓል ሲደርስ አገር ቤት ከሄድሽ፣ ካቋረጡት አብሮ አደጎችሽ አንዷን አግኝተሽ «መቼ ነው ትምህርት የጠላሽው?» ብለሽ ጠይቂያት። ኮርስሽ ውስጥ የሌለ ነገር ትሰሚያለሽ። አብዛኛው ሰው ቀኑን ያስታውሰዋል፤ ማን ምን እንዳለውም ያስታውሳል።

«ሁሉ መጣል አለበት?» ላልሽው፣ የለበትም። ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም። ስለ እኛ አገር ባህላዊ ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ ሲወራ «ሽምደዳ» ተብሎ ይታለፋል። ራሱ ያልተመረመረ ግምት ነው። ቅኔ ቤትን እዪ። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይናገራል፤ መምህሩም እዚያው ያርሙታል። ትናንት የሰማውን ቢደግም ቅኔ አልሆነለትም። ከዚህ በላይ «ተማሪ ተኮር» ምን አለ? ፊደል ቤትም ዘለቅ ያሉት ልጆች ጀማሪዎቹን ያስቆጥራሉ፤ የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ተራ በተራ ይሰማሉ። ጅራፉም እዚያው ነበር፣ አልክድም። አብሮ የመጣው ሁሉ አንድ ላይ የተሰፋ አይደለም። የ6ኛ ክፍል መምህርሽም ቁጣቸውን ትተሽ የምትወስጂላቸው ነገር ይኖራል። ምናልባት ሰሌዳ አጻጻፋቸው፣ ምናልባት ደብተር ሳያርሙ ያለመተኛታቸው።

በተቃራኒው ኮሌጁ የሰጠሽ አዲስ ቃል ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ሲገባ ጥሩ መምህር ማለት በእንግሊዝኛ ሳያቋርጥ የሚናገር ስክሪን ነው የሚል ግምት ይዞ ነው የገባው። ስክሪኑ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ አይጠይቅም፣ ልጅ ስላልገባው አይቆምም፤ የክፍሉ መምህር አጠገቡ ቆሞ ከተማሪው ጋር ሲያይ ይውላል። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች ቡድንም መጣ። ልጆቹ አንድ ላይ ስለተቀመጡ ተወያዩ ተባለ። አንዱ ጎበዝ ሠርቶ የቀሩት ሲገለብጡ ያላየ መምህር የለም። ስለዚህ «ግሩፕ አደረግኳቸው» ብለሽ ስትጽፊም ያችን ጥያቄ ጠይቂ፦ በግሩፑ ውስጥ ማን ምን አለ?

ይህን ካነሳን ዘንድ፣ አንቺ ያላነሳሽው ግን ከሰልጣኝ ሁሉ የምሰማው አንድ ነገር አለ። «ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ነው መምህር የሆንኩት።» አስተማሪ የሚያገባ ሙሽራ በሰርግ ዘፈን የሚወደስበት ዘመን ነበር። ዛሬ ቤት አከራይ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ፊቱ ይለወጣል። የደመወዙን ነገር እዚህ አምድ ላይ አልፈታውም። ግን ይህም ስለ ማስተማር የያዝሽው ግምት ከሆነ መዝገቡ ውስጥ ይግባ። ሥራውን የሽንፈት ሥራ አድርጎ የያዘ ሰው የልጅ ሳቅ ሁሉ ስድብ ይመስለዋል፤ ቁጣውም ከዚያ ይመጣል።

የክፍሉ መምህርት «ካልተቆጣሻቸው ይንቁሻል» ያሉሽን በሁለት ከፍለሽ እዪው። ቁጣ ማለታቸው ድምፅ ከሆነ፣ የምትሞክሪውና የምታዪው ጉዳይ ነው። ቁጣ ማለታቸው ኩርኩም፣ ጆሮ መጠምዘዝ፣ ማንበርከክ ከሆነ ግን የሙከራ ጉዳይ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ሴትዮዋ ክፉ ናቸው እያልኩሽ አይደለም፤ ብዙ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ብቻቸውን ብዙ ዓመት ቆመዋል። ብቻ መብቱ መብት ነው፣ «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው» አይሽረውም።

እሳቸውን መምህራን ክፍል ውስጥ ለመከራከር አትሞክሪ። አይሠራም፣ ግምገማሽም እጃቸው ላይ ነው። ይልቅ «እትዬ፣ ነገ ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ፣ አንድ ነገር ልሞክር፤ እርስዎ ከኋላ ሆነው የትኞቹ ልጆች እንደተናገሩ ይያዙልኝ» በያቸው። ልምድ ያለው ሰው እርዳታ ሲጠየቅና ሲተች አንድ አይሆንም። ሃያውን ደቂቃ ለዚያው 2/5 ስጪው። ልጁን ሰሌዳ ላይ ደግመሽ አታውጪው፣ በቃው። ስሙን ሳትጠሪ «አንዳንድ ሰው እንዲህ ይሠራል፤ ምን አስቦ ይሆን?» ብለሽ ጻፊውና ሦስት ሰከንድ ጠብቂ። ወረቀት ስድስት ቦታ አጥፈው ግማሹንና ሲሶውን ቀለም ይቀቡ።

የኮሌጅ መምህርሽንስ? ንገሪያቸው። «የመጀመሪያውን የጻፍኩት የሚፈልጉት መስሎኝ ነው፤ ይኸው እውነተኛው» ብለሽ የ«ማን ያግዘው?»ዋን ገጽ ስጫቸው። ማርክ ሊቀንሱብሽ ይችላሉ፣ የማይሆን ነገር አልነግርሽም። ብዙ የኮሌጅ መምህር ግን እንዲህ ያለ ገጽ እየናፈቀ ነው ያን ሁሉ ክምር የሚያርመው። ካላመንሻቸው ደግሞ ሁለት ደብተር ያዢ። አንዱ ለፖርትፎሊዮ፣ አንዱ ላንቺ። ከሁለተኛው ማውጣት ያለብሽን አንቺ ትመርጫለሽ።

ሃያው ደቂቃ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ካልሠራም ጻፊልኝ፤ ልጆቹ ያሉትን ቃል በቃል።